ብር የሁለት አገር ገንዘብ በነበረበት ጊዜ

የገንዘብ ኅብረት ሲባል ብዙ ሰው ዩሮ ነው የሚመጣበት። አፍሪካን የሚከታተል ደግሞ የምዕራብ አፍሪካውን ሴኤፍኤ ፍራንክ ያነሳል። የራሳችንን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ኢትዮጵያና ኤርትራ ሁለት መንግሥት ሆነው በአንድ ብር የተገበያዩበት ዘመን ነበር። ኤርትራ ነፃነቷን በይፋ ካወጀችበት ከግንቦት 1985 ጀምሮ የራሷ ገንዘብ ናቅፋ እስከወጣበት እስከ ጥቅምት 1990 ድረስ። አራት ዓመት ተኩል አይሞላም። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የሌሎች አገሮች ጉዳይ ላይ ስደርስ እ.ኤ.አ. እላለሁ።

ስለዚያ ዘመን ሲወራ ወሬው ቶሎ ወደ ባድመ ይዞራል። ገንዘቡ ከጦርነቱ በፊት እንዳለ አንድ አንቀጽ ተጠቅሶ ይታለፋል። እኔ እዚያ አንቀጽ ላይ መቆየት ነው የፈለግኩት። ሁለት ጎረቤት መንግሥታት የጋራ ገንዘባቸውን እንዴት ያዙት? ሊያሻሽሉት ሲሞክሩስ ምን ጎደላቸው?

የምጽፈው ከቃሊቲ ነው። ያለ ምክንያት አይደለም። ቃሊቲ ያኔ የአሰብ መንገድ መጨረሻ ነበረች። የኢትዮጵያ የወጪና የገቢ ንግድ አብዛኛው በአሰብ በኩል ነበር የሚያልፈው። ዕቃው በናዝሬት በኩል ይመጣና ቃሊቲ ጉምሩክ ይራገፋል። በዙሪያው ጋራዥ፣ ጎሚስታ፣ ምግብ ቤት፣ አልበርጎ በቀለ። ዛሬ መኪናው የሚመጣው ከጅቡቲ ነው። ባቡሩም ከከተማው ጫፍ እንዶዴ ላይ ጭነቱን ያራግፋል። ጎሚስታዎቹ ግን አሁንም አሉ።

በሰፈራችን የአሰብ ሹፌር የነበሩ አዛውንቶች አልጠፉም። አንደኛው ጡረተኛ ጎረቤቴ ናቸው። ስለ ብሩ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ያኔ አሰብ ሲገቡ ገንዘብ ይቀይሩ ነበር?»

«ምን ቀይሬ! የውሎ አበሌን እዚህ በብር ተቀብዬ እነሳለሁ። ሚሌ ላይ ምሳዬን በብር። አሰብ ገብቼ አልጋዬን በብር። ኬላ ላይ ወረቀት ያያሉ እንጂ ኪስህን የሚያይህ የለም።»

«ታዲያ ናቅፋ ሲመጣስ?»

«እሱን ተወው ልጄ። መጀመሪያ ግራ የገባን ናቅፋው አይደለም። ኪሳችን ያለው ብር ነው። ይሠራል አይሠራም፣ የሚነግርህ ሰው የለም።»

የሁለተኛው መልሳቸው ፍሬ ነገሩን ይዟል። ወደሱ እመለሳለሁ።

ከየት ተጀመረ

ኤርትራ ውስጥ ብር የመጣው በ1945 በፌዴሬሽኑ ነው። ከዚያ በፊት በጣሊያን ጊዜ ሊራ፣ በእንግሊዝ አስተዳደር ጊዜ ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነበር። በግንቦት 1983 ሻዕቢያ አሥመራን፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባን ሲይዙ ብሩ በሁለቱም ከተማ እንደነበረ ቀጠለ። ማንም ተቀምጦ «የጋራ ገንዘብ እናድርገው» ብሎ የወሰነበት ቀን የለም። ነበረ፤ ቀጠለ።

ሕዝበ ውሳኔው በሚያዝያ 1985 ተካሄደ። በግንቦት 16 ነፃነት ታወጀ። ሁለቱ መንግሥታት በመስከረም 1986 አሥመራ ላይ የኢኮኖሚ ፖሊሲያቸውን ለማቀራረብ ስምምነት ፈረሙ። በዚያ ስምምነት ኤርትራ በብር መጠቀሟን ትቀጥላለች። ንግዱ ያለ ቀረጥ ይሄዳል። ኢትዮጵያ በአሰብና በምጽዋ ትጠቀማለች። ችግር ሲኖር የሚነጋገር የሚኒስትሮች ኮሚሽንም ነበረ።

ወረቀቱ ላይ ሲታይ ደህና ነገር ነው። በዚያን ጊዜ መለስ ዜናዊና ኢሳይያስ አፈወርቂ ይተማመኑ ነበር፤ ወይም እንደሚተማመኑ ሆነው ይታዩ ነበር። ከኤርትራ ወደ ውጭ ከሚላከው ዕቃ ሁለት ሦስተኛ ገደማው የሚመጣው ወደ ኢትዮጵያ ነበር። ጨው፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ጫማ፣ መጠጥ። ከኢትዮጵያ ደግሞ ጤፍ፣ ሌላ እህልና ቡና ይሄዳል። እንዲህ የተሳሰረ ገበያ በአንድ ገንዘብ ቢሠራ የሚገርም አይደለም።

ያልተጻፈው

አሁን ከስምምነቱ የጎደለውን እንይ። እኔ እስከሚገባኝ ድረስ ጉዳዩን ያበላሸው እሱ ነው።

ብርን የሚያትመው አንድ ተቋም ብቻ ነው፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ። በ1986 የወጣው የገንዘብና ባንክ አዋጅ ቁጥር 83 ኖት የማውጣቱን ሥልጣን ለእሱ ለብቻው ሰጥቷል። በዚያ ባንክ የሚወስኑት በአዲስ አበባ የተሾሙ ሰዎች ናቸው። አሥመራ በጠረጴዛው ላይ ወንበር የላትም። የወለድ ተመን ስንት ይሁን፣ ምን ያህል ኖት ይታተም፣ ዶላር በስንት ይመንዘር፤ በአንዱም ላይ ድምፅ የላትም።

ቃሊቲ፣ ገላን፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ግቢ የተከራየ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። አንድ ቆጣሪ፣ አራት ቤት። ቆጣሪው ያለው በአከራዩ ስም ነው። ሒሳቡ ሲመጣ ማን ምን ያህል እንዳበራ የሚያውቅ የለም። አንዱ ምጣድ አለው፤ ሌላው አምፖል ብቻ። አከራዩ «ብዙ ያበራኸው አንተ ነህ» ይላል፤ ተከራዩ «ደረሰኙን አሳየኝ» ይላል። ለየቤቱ ንዑስ ቆጣሪ ቢገባ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር። በብሩ ጉዳይ የጎደለው ያ ንዑስ ቆጣሪ ነው።

ዝርዝሩ ይህ ነው። አንድ መቶ ብር ኖት ለማተም የሚወጣው ወጪ ከመቶ ብር በጣም ያነሰ ነው። ልዩነቱ ለአታሚው ትርፍ ነው። በአዲስ አበባ በኩል ያ ትርፍ ወደ ብሔራዊ ባንክና ወደ መንግሥት ይገባል። አሥመራ ግን ያንኑ ኖት የምታገኘው ዕቃ ሸጣ፣ አገልግሎት ሰጥታ ወይም ከውጭ የመጣ ዶላር መንዝራ ነው። አዲስ አበባ የምታትመውን አሥመራ በላቧ ትገዛዋለች። ኢኮኖሚስቶች ሲንየሬጅ የሚሉት ይኸው ትርፍ ነው። በጋራ ገንዘብ ኅብረት ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን በቀመር የሚከፋፈል ነገር ነው። በ1986ቱ ስምምነት ኤርትራ ድርሻዋን አላገኘችም።

ሁለተኛው ችግር የምንዛሪ ተመን ነበር። በመስከረም 1985 አዲስ አበባ ብርን ለአንድ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር አወረደችው። ለዓመታት አንድ ቦታ ተቸክሎ የኖረ ተመን ነው። ውሳኔው ለኢትዮጵያ የራሷ ምክንያት ነበረው፤ የደርግ ኢኮኖሚ ሞቶ ነበር፤ አበዳሪዎችም ይጠብቁ ነበር። ግን አሥመራ ገበያ ላይ ያለ ነጋዴም ያው ብር ነው በኪሱ ያለው። ባልተጠየቀበት ውሳኔ ገንዘቡ ረከሰ። በኋላም ኤርትራ ከዲያስፖራ የሚመጣውን ዶላር ለመሳብ ከአዲስ አበባው የተሻለ ተመን ትሰጥ ነበር። አዲስ አበባ ይህን አልወደደችውም። አንድ ገንዘብ ሁለት ዋጋ ካለው ዶላሩ የተሻለ ወደሚከፍለው ይሄዳል። ደግሞም በብር ተገዝቶ ከኢትዮጵያ የወጣ ቡና በኤርትራ በኩል በዶላር ይሸጣል የሚል ክስ ነበር። ኤርትራ በበኩሏ ቁጥጥሩ የተጋነነ እንደሆነ ትናገር ነበር።

ሁለቱም በየራሳቸው እውነት ነበራቸው። ይህን የምለው ለማስታረቅ አይደለም። ሒሳቡ ራሱ እንደዚያ ነው የሚያሳየው። አንድ ብር እያላቸው ሁለት የውጭ ምንዛሪ ካዝና ነበራቸው። በሁለቱ ካዝና መካከል የሚተሳሰቡበት ደብተር ግን አልነበረም።

ሦስተኛው ደግሞ ቀላል የሚመስል፣ ግን ለእኔ ከሁሉም የከፋው ነው። ኤርትራ ውስጥ ስንት ብር እንዳለ በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም። አሥመራ ኪስ ውስጥ ያለው አንድ ብር፣ የልጁ ፊት ያለበት፣ ከኋላው ጢስ ዓባይ፣ ቃሊቲ ካለው ጋር ልዩነት የለውም። ምልክት የለበትም። ኅብረቱ ቢፈርስ ስንት ኖት ወደ አዲስ አበባ እንደሚመለስ፣ በምንስ እንደሚካካስ ከወዲሁ ማስላት አይቻልም ማለት ነው።

ናቅፋ

ኤርትራ የራሷን ገንዘብ እንደምታወጣ የታወቀ ነበር። ነፃ መንግሥት ይህን ቢፈልግ የሚያስወቅሰው አይደለም። ኖቶቹ የታተሙት ጀርመን ውስጥ ነው። ንድፋቸውን የሠራው ክላረንስ ሆልበርት የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ የአገሩ መንግሥት የኖት ማተሚያ ባልደረባ ነበር። ኖቶቹ ላይ ያለው ቀን ግንቦት 24 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. ነው፤ የነፃነት በዓል ቀን። ስሙን የወሰዱት ሻዕቢያ በደርግ ዘመቻ ሳይለቅ ከያዛት ከሳሕል ከተማዋ ከናቅፋ ነው።

ገበያ ላይ የዋለው ጥቅምት 29 ቀን 1990 ነው። ኤርትራ ውስጥ አንድ ብር በአንድ ናቅፋ ተቀየረ።

ከዚህ በፊት በነበሩት ወራት ኤርትራ ያቀረበችው ሐሳብ ይህ ነበር፦ ናቅፋና ብር አንድ ለአንድ ይሁኑ፤ በሁለቱም አገር ይዘዋወሩ፤ ንግዱም እንደ ድሮው በአገር ውስጥ ገንዘብ ይቀጥል። ኢትዮጵያ አልቀበልም አለች። ምክንያቷን መረዳት ከባድ አይደለም። አሥመራ የምታትመው ናቅፋ ሑመራ ላይ ሰሊጥ፣ መቐለ ላይ ጤፍ አንድ ለአንድ መግዛት ከቻለ፣ አሥመራ ያተመችው ሁሉ በኢትዮጵያ ዕቃ ላይ የተጻፈ ቼክ ሆነ ማለት ነው። ብሔራዊ ባንኩ ያላተመውን ገንዘብ ሊደግፍ ነው።

ኤርትራ ከዚህ ቀደም በብር ላይ ድምፅ አልነበራትም ብዬ ነበር። አሁን ደግሞ ኢትዮጵያ በናቅፋ ላይ ድምፅ ሳይኖራት ዋጋውን እንድትጠብቅ ተጠየቀች። ያው ጉድለት ነው፤ ፊቱን ብቻ አዞረ።

የአዲስ አበባ መልስ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ አዲስ የብር ኖት አውጥታ አሮጌውን መለወጥ። ይህ ወዲያው ነው የተጀመረው። አሥመራ ውስጥ በናቅፋ ተተክቶ የተሰበሰበው አሮጌ ብር በኢትዮጵያ ገበያ ዕቃ መግዣ እንዳይሆን በሩ ተዘጋ። ሁለተኛ፣ በሁለቱ አገሮች መካከል ንግድ እንደ ማንኛውም የውጭ ንግድ በዶላርና በኤልሲ፣ ማለትም ባንክ በሚከፍተው የክፍያ ዋስትና ደብዳቤ፣ ይሁን ተባለ። ለድንበር ሰው ብቻ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ ትንሽ ንግድ ተፈቀደ።

ጡረተኛው ሹፌር «ይሠራል አይሠራም የሚነግርህ የለም» ያሉት ይህን ነው። መንገድ ላይ ያለ ሰው የያዘው ኖት በአንዱ በኩል በናቅፋ የሚተካ፣ በሌላው በኩል በአዲስ ብር የሚተካ ነው። የት ሆኖ እንደሚቀይረው ነው ጥያቄው። ከአሰብ ዕቃ ጭኖ ለሚመለስ ሹፌር የማይመች ነገር ነው።

ኤልሲ ማለት ለማያውቅ ሰው ወረቀት ብቻ ይመስለዋል። ነገሩን ዛላምበሳ ላይ ሆነን እናስበው። አንድ ነጋዴ ትናንት በአንድ ኤንትሬ ጤፍ ጭኖ አሥመራ ይሸጣል፤ በተቀበለው ብር ጨውና ጫማ ገዝቶ ይመለሳል። ዛሬ ባንክ ሄዶ ኤልሲ ይከፈትልኝ ይላል። ባንኩ ዶላር አምጣ ይለዋል። አሥመራ ያለው ገዢም ዶላር የለውም። ንግዱ በአንድ ቀን አልጠፋም፤ ታነቀ። የሚችለው በኮንትሮባንድ ሄደ፤ የማይችለው ተወው። የወደብ ክፍያም ከዚያ በኋላ ሌላ ስሌት ገባው። ድሮ አሰብ ላይ በብር ይከፈል የነበረው አሁን የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ሆነ። በዚያው ሰሞን የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያም ሥራ አቁሞ ነበር። አንድ በአንድ ገመዶቹ ተፈቱ።

ከጥቅምት 29 እስከ ባድመ ግጭት እስከ ሚያዝያ 28 ድረስ ስድስት ወር አይሞላም። ስለዚህ ብዙ ሰው «ያዋጋቸው ገንዘብ ነው» ይላል። እኔ አልልም። የድንበር ጥያቄው ነበረ። የሁለቱ ግንባሮች የበረሃ ዘመን ቂምም ነበረ። ግን ገንዘቡ ሲፈርስ የሚያነጋግራቸው የዕለት ተዕለት ጉዳይም አብሮ ተቋረጠ። በየወሩ ሒሳብ የሚያስተያዩ የሁለት ባንክ ባለሙያዎች ቢኖሩ ኖሮ ቢያንስ አንድ ክፍት ስልክ ይኖር ነበር።

ሌሎች ምን አደረጉ

በዚያው በ1985 ማለትም እ.ኤ.አ. በ1993 ሌላ አገር ለሁለት ተከፍሏል። ቼኮዝሎቫኪያ። በጥር 1 ቼክና ስሎቫኪያ ሲለያዩ ገንዘባቸው ለጊዜው አንድ ሆኖ ቀጠለ። ሁለቱም እንደማይቆይ ይጠረጥሩ ነበር። ሰው ገንዘቡን ከስሎቫክ ባንኮች ወደ ቼክ ባንኮች ማሸሽ ጀመረ። ስድስት ሳምንት ሳይሞላ፣ በየካቲት 8፣ ገንዘቡን ለዩት። እንዴት? በአሮጌው ኖት ላይ ትንሽ ቴምብር ለጠፉበት። የቼክ ቴምብር ያለበት የቼክ፣ የስሎቫክ ያለበት የስሎቫክ። አዲሶቹ ኖቶች ታትመው እስኪደርሱ በዚያ ሠሩ። በመካከላቸው ያለው ንግድ ደግሞ በማዕከላዊ ባንኮቹ በተከፈተ የማካካሻ ሒሳብ እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ይተሳሰብ ነበር። ጨው የሸጠ በጫማ ይካካሳል፤ ዶላር የሚፈለገው ለልዩነቱ ብቻ ነው። ከእኛ የጎደለው ይኸው ነበር። ኤልሲና አንድ ለአንድ መካከል ሰፊ ሜዳ አለ፤ ማንም አልረገጠውም።

ሌላኛው ምሳሌ የሚያስፈራ ነው። የሶቪየት ኅብረት ከፈረሰ በኋላ ብዙዎቹ አዲሶቹ አገሮች በሩብል ይጠቀሙ ነበር። በሐምሌ 1993 እ.ኤ.አ. የሩሲያ ማዕከላዊ ባንክ የቀድሞዎቹን ኖቶች ከአገልግሎት አወጣ። ጎረቤቶቹ ሳይዘጋጁ ወደ ራሳቸው ገንዘብ ተገፉ። እኛ ከቼኮች ይልቅ ለዚህ እንቀርባለን። እንዲህ ማለት ደስ አይልም፤ ግን የ1990ው የኖት ለውጥ ውጤት እንደዚያ ነበር።

ረዥም ዕድሜ ያለው ግን የምዕራብ አፍሪካው ነው። ስምንት አገሮች፣ ሴኔጋል፣ ኮትዲቯር፣ ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ኒጀር፣ ቤኒን፣ ቶጎና ጊኒ ቢሳው፣ በዳካር ባለ አንድ ማዕከላዊ ባንክ ይጠቀማሉ። የፈረንሳይ እጅ ያለበት ስለሆነ ብዙ ሲብጠለጠል የኖረ ኅብረት ነው። ትችቱም ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. እስከ 2021 ድረስ ከውጭ ምንዛሪ ክምችታቸው ግማሹን ፓሪስ ያስቀምጡ ነበር። ያን የሚወድ አፍሪካዊ ያለ አይመስለኝም።

ከእኛ ጉዳይ ጋር ሲተያይ ግን አንድ ትንሽ ነገር አለ። የሴኤፍኤ ኖት ብታገኙ ቁጥሩ አጠገብ ያለውን ፊደል ተመልከቱ። የላቲን ኬ ካለበት የሴኔጋል ነው፤ ኤ የኮትዲቯር፣ ዲ የማሊ፣ ኤች የኒጀር። ኖቱ በስምንቱም አገር ይሠራል፤ ነጋዴው ፊደሉን አያይም። ባንኩ ግን ያየዋል። የየትኛው አገር ኖት የት እንደደረሰ ለመከታተል ያገለግላል። የብሩ ኅብረት ያልነበረው ንዑስ ቆጣሪ አንዲት ፊደል ናት።

የመግባትና የመውጣት ሥርዓትም አላቸው። ማሊ እ.ኤ.አ. በ1962 ወጥታ የራሷን ፍራንክ አወጣች፤ በ1984 ተመለሰች። ሞሪታኒያ በ1973 ወጣች። በጥር 1994 የገንዘቡን ዋጋ በግማሽ ሲያወርዱ መሪዎቹ ዳካር ላይ ተሰብስበው ነው። ሕዝቡ ክፉኛ ተጎድቷል፤ መንገድ ላይም ወጥቷል። ግን ውሳኔው በአንድ ዋና ከተማ ተወስኖ ሌላው ከሬዲዮ የሰማው አልነበረም። በታኅሣሥ 2019 አቢጃን ላይ የፈረንሳዩ ማክሮንና የኮትዲቯሩ ዋታራ አዲስ ማሻሻያ አሳወቁ። ስሙ «ኤኮ» ይባላል፤ ፓሪስ የሚቀመጠው ግማሽ ይቀራል፤ የፈረንሳይ ተወካዮች ከቦርዱ ይወጣሉ። ከዩሮ ጋር ያለው 655 ነጥብ 957 ተመን ግን አልተነካም። ወር ሳይሞላ ናይጄሪያና ሌሎች እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጎረቤቶች አቡጃ ላይ ተቃወሙ፤ «ኤኮ» የመላው የምዕራብ አፍሪካ ማኅበረሰብ ስም ነው፣ ለስምንታችሁ ብቻ አይደለም አሉ። አዲሱ ቀን 2027 ተብሎ ተገፋ።

ቀርፋፋ ነው። ያናድዳል። ግን ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር ከምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ ከኢኮዋስ ጋር ተጣልተው እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ሲወጡ እንኳን ከገንዘብ ኅብረቱ አልወጡም። ባማኮ ላይ ያለ ሹፌር ኪሱ ያለው ኖት ዳካር ላይ ይሠራል። ፖለቲካው ሲጣላ ገንዘቡ እንዳይጣላ ያደረገው ፍቅር አይደለም። ለየት ያለ ተቋም ስላለው ነው፤ የራሱ ቦርድ፣ የራሱ ውል።

አንዳንዱ ወዳጄ «የፈረንሳይ ሎሌ ሆነህ ነው የምታወድሰው» ይለኛል። አይደለም። ኤርትራ እንደ እነሱ ብትቀመጥ ኖሮ ሉዓላዊነቷን ታጣ ነበር የሚለውንም አልቀበልም። በ1986ቱ ስምምነት ከዚያ ያነሰ ነበር የነበራት። ወንበር የሌለው አባል ከወንበር ካለው አባል የበለጠ ሉዓላዊ ሊሆን አይችልም።

ምን ይደረግ ነበር

ይህን ስጽፍ «በኋላ ሁሉም ሊቅ ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ግን በ1986 አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም ነበር። የሩብሉ ጉዳይ ገና ሁለት ወር የሆነው ነበር። የቼኮች ቴምብርም ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ሁለቱ መንግሥታት ዙሪያቸውን ቢያዩ የሚያስተምራቸው ሞልቶ ነበር።

ከሁሉ በፊት መውጫውን መጻፍ ነበረባቸው። ኤርትራ የራሷን ገንዘብ እንደምታወጣ ከታወቀ የመውጫው ሥርዓት በመግቢያው ቀን መጻፍ ነበረበት። አሮጌው ብር በስንት ወር ይሰበሰባል፤ አሥመራ የተሰበሰበው በምን ይካካሳል፤ በዕቃ ነው፣ በወደብ አገልግሎት ነው፣ ወይስ በዶላር? ሁለቱ ሲተማመኑ ይህን መጻፍ ቀላል ነበር። በ1989 እና በ1990 ግን ተኮራርፈዋል፤ እያንዳንዷ ሳንቲም ክስ ሆነች።

ቀጥሎ የማካካሻ ሒሳብ። በየሦስት ወሩ ይተያያል፤ ልዩነቱ ይከፈላል። ኢትዮጵያ የኤርትራን ወደብ ትፈልጋለች፤ ኤርትራ የኢትዮጵያን ገበያ ትፈልጋለች። በእንዲህ ያለ ንግድ ለማካካሻ የሚሆን ነገር ሞልቷል። ዶላር ለልዩነቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ የዛላምበሳው ነጋዴ ኤልሲ ፍለጋ ባልዞረ ነበር።

ስለ ትርፉ ድርሻ ብዙ አልልም። በቁጥር ትንሽ ሊሆን ይችላል። ግን አለመከፋፈሉ ለአሥመራ የራሷን ገንዘብ ለማውጣት ጥሩ ምክንያት ሰጥቷታል።

ድጋሚ በ2011

ሐምሌ 2 ቀን 2010 አሥመራ ላይ የሰላም መግለጫ ተፈረመ። መስከረም 1 ቀን 2011 የድንበር በሮቹ ዛላምበሳና ቡሬ ተከፈቱ። ሰው ተቃቀፈ። ቃሊቲም ወሬው ደርሶ ነበር፤ «አሰብ ሊከፈት ነው» እየተባለ ጋራዡ ሁሉ ይወያይ ነበር።

ከሳምንት ሳይቆይ መኪና ጭኖ የሚሄድ በዛ። ጤፍ፣ ሲሚንቶ፣ የግንባታ ዕቃ። ገንዘቡስ? ብርና ናቅፋ መንገድ ላይ ይመነዘራል። ዋጋው የዕለቱ ነው። የጉምሩክ ደንብ የለም፤ የምንዛሪ ስምምነት የለም፤ የማካካሻ ሒሳብ የለም። በ1986 ቢያንስ ወረቀት ነበረ። በ2011 ወረቀቱም አልነበረም። በታኅሣሥ በሮቹ አንድ በአንድ መዘጋት ጀመሩ። የዘጋው ፖለቲካ ነው፤ ያለ ደንብ የተከፈተ ንግድ ግን ለመዝጋት ሰበብ አያጣም።

አሁን ሁኔታው ሌላ ነው። ናቅፋ በ15 ለአንድ ዶላር ተቸክሎ ዓመታት ሆኖታል። ብር ደግሞ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ተለቋል፤ ወደ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። አንዱ ተቸክሏል፣ ሌላው ይንሳፈፋል። ስለዚህ «አንድ ለአንድ» የሚባል ነገር ከእንግዲህ ለንግግርም አይመጣም፤ በሕጋዊ ተመን ቢተሳሰብ እንኳን ልዩነቱ ለጥቁር ገበያ ድግስ ነው። ነገ ዛላምበሳ እንደገና ቢከፈት መጀመሪያ የሚጠየቀው የማካካሻው ሒሳብ የት ይከፈታል፣ በየትኛው ገንዘብ ይያዛል፣ ልዩነቱስ በስንት ቀን ይከፈላል የሚለው ነው። ይህን የሚመልሱት የሁለቱ ማዕከላዊ ባንኮች የሒሳብ ሰዎች ናቸው፤ በሩ ከመከፈቱ በፊት ቢቀመጡ ይሻላል።